የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኮመን ሞድ ቾክ የሚያስቆመውና የማያስቆመው ኖይዝ

በዚህ ዕትም መልስ የምንሰጥባቸው አምስት ደብዳቤዎች ሁሉም ከአዳማ የተላኩ ሲሆኑ፣ አምስቱም በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ ኮመን ሞድ ቾክን፣ ማለትም በገመድ ላይ የሚመጣ ኖይዝን (ያልተፈለገ የኤሌክትሪክ ረብሻን) የሚያግድ ኮይልን፣ ይመለከታሉ። የመጀመሪያው መልስ ረዘም ያለው የአሠራሩ መሠረት እዚያ ስለተብራራ ነው፤ የቀሩትን የሚያነቡ ሁሉ እርሱን አስቀድመው ቢያነቡ ይጠቀማሉ።

ጥያቄ፦ ፍራንኮ አካባቢ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ቻርጀር በመጠገን የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ደንበኞቼ የኤልኢዲ አምፖል ሲያበሩ ወይም ርካሽ ቻርጀር ሲሰኩ ሬዲዮናቸው በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ላይ እየጮኸ ጣቢያ እንደማያሰማቸው ይነግሩኛል። ጥሩ የሚባለውን ፓወር ሰፕላይ ስከፍት ከፊውዙ ቀጥሎ በአንድ ቀለበት ላይ ሁለት ኮይል ተጠምጥሞ አገኛለሁ። በርካሹ ላይ ግን የኮይሉ ቦታ በቦርዱ ላይ ታትሞ እያለ ክፍሉ ሳይገባ ቀርቶ፣ በሁለት አጫጭር ሽቦዎች ብቻ ተያይዟል። ይህ ኮይል ሥራው ምንድን ነው? ከተጣለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ነቅዬ ብተካውስ ያገለግላል?

መልስ፦ ያዩት ክፍል ኮመን ሞድ ቾክ ነው። አምራቹ ቦታውን አዘጋጅቶ ክፍሉን ያላስገባው ወጪ ለመቀነስ ነው፤ መሣሪያው ያለ ቾክም ስለሚሠራ ገዢው ጉድለቱን የሚያውቀው ሬዲዮ ሲከፍት ብቻ ነው።

ኖይዝ በኤሌክትሪክ ገመድ ላይ በሁለት ዓይነት መንገድ ይጓዛል። አንደኛው ልክ እንደ መደበኛው ኮረንቲ በፌዝ ሄዶ በኒውትራል የሚመለሰው ሲሆን፣ ዲፈረንሻል ሞድ ይባላል። ሁለተኛው በፌዝም በኒውትራልም በአንድ አቅጣጫ አብሮ የሚወጣና በእነዚህ በሁለቱ ሽቦዎች የማይመለስ ነው፤ የመመለሻ መንገዱ የመሬት ሽቦ፣ የቤቱ ብረታ ብረት፣ አንዳንዴም በገመዱና በመሬት መካከል ያለው አየር ራሱ ነው። ኮመን ሞድ የሚባለው ይህ ነው። ሬዲዮን አብዝቶ የሚረብሸውም እርሱ ነው፤ ሁለቱም ሽቦዎች በአንድ ላይ ስለሚንቀሳቀሱበት በግድግዳ ውስጥ የተዘረጋው የቤቱ መስመር በሙሉ እንደ አንቴና ሆኖ ያሰራጨዋል። በፌዝ ሄዶ በኒውትራል የሚመለሰው ኖይዝ ግን ጎን ለጎን በተጠጉ ሽቦዎች ውስጥ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚፈስ፣ አንዱ ሽቦ የሚረጨውን ሌላው በአብዛኛው ያጠፋዋል።

ምንጩን ለማየት ቻርጀሩን ከፍተው ትራንዚስተሩን ይመልከቱ። 220 ቮልቱ በዳዮዶች ከተቃና በኋላ ወደ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ ትራንዚስተሩም ይህን ቮልቴጅ በሴኮንድ አሥር ሺዎች ጊዜ ይከፍታል፣ ይዘጋል። መክፈቻና መዝጊያው እጅግ ፈጣን ነው። ለምሳሌ 300 ቮልት በ50 ናኖሴኮንድ ውስጥ ቢዘል፣ በትራንዚስተሩና ሙቀት በሚያወጣው ብረት መካከል እንደ ካፓሲተር የሚያገለግል 20 ፒኮፋራድ ብቻ ቢኖር፣ በእያንዳንዱ ዝላይ ወቅት 0.12 አምፔር የሚሆን ኮረንቲ በዚያች ኢምንት ካፓሲተር በኩል ሾልኮ ይወጣል። ዝላዩ አጭር ቢሆንም በተደጋጋሚ ይመጣል። ትራንዚስተሩ በ65 ኪሎኸርዝ የሚሠራ ከሆነ ኖይዙ በ585፣ በ650፣ በ715 ኪሎኸርዝ እያለ በየ65 ኪሎኸርዙ ይደገማል። መካከለኛ ሞገድ በእኛ አካባቢ ከ531 እስከ 1602 ኪሎኸርዝ ድረስ ስለሆነ፣ የሬዲዮውን መፈለጊያ ቀስ ብለው ሲያዞሩ ጩኸቱ በእኩል ርቀት እየመጣና እየጠፋ የሚሰማዎት ከሆነ ምክንያቱ እንዲህ ያለ ፓወር ሰፕላይ መሆኑን ሳይጠራጠሩ መናገር ይችላሉ።

ቾኩ በአንድ የፌራይት (ከብረት ኦክሳይድ የተሠራ መግነጢሳዊ ሴራሚክ) ቀለበት ላይ የተጠመጠሙ ሁለት እኩል ኮይሎች ነው፤ ፌዙ በአንደኛው፣ ኒውትራሉ በሌላው ያልፋል። መደበኛው ኮረንቲ በአንዱ ገብቶ በሌላው ስለሚመለስ በቀለበቱ ውስጥ የሚፈጥሩት ሁለት መግነጢሳዊ ፍሰት እኩልና ተቃራኒ ሆኖ ይጣፋል፤ ሁለት ሰዎች ከፊትና ከኋላ ቆመው በእኩል ጉልበት የሚገፉት በር ወዲያም ወዲህም እንደማይል ማለት ነው። ስለዚህ ቾኩ መኖሩ ለመደበኛው ኮረንቲ አይታወቀውም። በሁለቱም ሽቦ በአንድ አቅጣጫ የሚመጣው ኖይዝ ግን በቀለበቱ ውስጥ የሚፈጥረው ፍሰት ይደማመርና ሙሉውን ኢንዳክታንስ (ኮይል የኮረንቲን ለውጥ የመቃወም አቅሙን) ይጋፈጣል። 10 ሚሊሄንሪ የሆነ ቾክ በ150 ኪሎኸርዝ ላይ ለኮመን ሞድ ኖይዝ 9,400 ኦም ያህል ተቃውሞ ያሳያል፤ በ50 ኸርዝ ለሚፈሰው መደበኛ ኮረንቲ ግን የሚያሳየው ተቃውሞ ከሽቦው ርዝመት የሚመጣውና ኢምንት የሆነው ብቻ ነው። የዚህ አሠራር ትልቁ ጥቅም ቀለበቱ በመደበኛው ኮረንቲ አለመሙላቱ፣ ማለትም መግነጢስ የመቀበል አቅሙ አለማለቁ ነው። በአንድ ኮይል ብቻ 10 ሚሊሄንሪ አድርገን 2 አምፔር እናሳልፍ ብንል፣ ከዚህ ቀለበት እጅግ የሚበልጥ የብረት ኮር ያስፈልገን ነበር።

ከመተካትዎ በፊት ግን የደንበኛዎ ኖይዝ በእርግጥ በገመዱ የሚመጣ መሆኑን ያረጋግጡ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሬዲዮ ይያዙ፤ በመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ያድርጉትና ወደ አምፖሉ ያስጠጉት፣ ከዚያም ቀስ ብለው ያርቁት። ጩኸቱ ከአምፖሉ አንድ ሜትር ሳይርቁ ከጠፋ ኖይዙ በቀጥታ ከቦርዱ የሚረጭ ስለሆነ ቾክ ብዙም አይረዳዎትም። ከአምፖሉ ርቀው በግድግዳው ውስጥ የተቀበረውን መስመር፣ ማብሪያ ማጥፊያውንና የቆጣሪውን ሳጥን እየተከተሉ ሲሄዱ ጩኸቱ አብሮዎት ከተጓዘ ግን የቾክ ሥራ ነው። በሌላ በኩል ሬዲዮው በባትሪ ሲሠራ ጸጥ ብሎ፣ ሶኬት ላይ ሲሰካ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ኖይዙ የሚገባው በራሱ በሬዲዮው ገመድ ነው፤ ቾኩን በቻርጀሩ ፈንታ ሬዲዮው ላይ ማድረግም ይቻላል።

ከቁራሌው ወይም ከጥገና ቤት የሚገኝ አሮጌ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ጥሩ የቾክ ምንጭ ነው፤ በውስጡ ግን ሁለት ዓይነት ቀለበት አለና አይምታታብዎት። የሚፈልጉት ከ220 ቮልቱ መግቢያ አጠገብ፣ አራት ማዕዘን ከሆነው ካፓሲተር ጎን ያለውን ነው፤ ሁለቱ ኮይሎች ግራና ቀኝ ተለያይተው፣ በመካከላቸው ብዙ ጊዜ የፕላስቲክ መለያ ገብቶባቸው ይገኛሉ። በመውጫው በኩል ያለው፣ በጎኑ ነጭ የተቀባና ወፍራም ወፍራም ሽቦ የተጠመጠመበት ቢጫ ቀለበት ለዚህ ሥራ አይሆንም። እርሱ ከብረት ዱቄት የተሠራ ነው፤ ከፍተኛ ቀጥተኛ ኮረንቲ ሲያልፍበት እንዳይሞላ ተብሎ መግነጢስ የማስተላለፍ አቅሙ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ስለሆነ፣ በጥቂት ዙር በቂ ኢንዳክታንስ አይሰጥም። ለፓወር መስመር የሚሻለው ከማንጋኒዝና ከዚንክ የተሠራው ፌራይት ሲሆን፣ እርሱም ከ150 ኪሎኸርዝ እስከ ጥቂት ሜጋኸርዝ ድረስ ብርቱ ነው። ከኒኬልና ከዚንክ የተሠራው ደግሞ ኢንዳክታንሱ ያነሰ ቢሆንም በአሥሮችና በመቶዎች ሜጋኸርዝ ላይ የበለጠ ይሠራል፤ በገመድ ላይ ተከፍቶ የሚገጠመው ጥቁር ፌራይት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው።

የነቀሉትን ቾክ ሳይለኩ አይግጠሙት። ኢንዳክታንስ የሚለካ መሣሪያ ካለዎት አስቀድመው አንዱን ኮይል ይለኩ፤ 10 ሚሊሄንሪ አገኙ እንበል። ቀጥለው ሁለቱን ኮይሎች በተከታታይ አያይዘው ይለኩ፣ ከዚያም የአንዱን ኮይል ሁለት እግሮች አለዋውጠው እንደገና ይለኩ። በአንደኛው አያያዝ ወደ 40 ሚሊሄንሪ፣ በሌላኛው ደግሞ ከ1 ሚሊሄንሪ በእጅጉ ያነሰ ቁጥር ካገኙ ቾኩ ደህና ነው። ይህ ልኬት የእግሮቹን አቅጣጫም ያስተምርዎታል፦ ፌዙ ገብቶ በኒውትራሉ ሲመለስ ማሳየት ያለበት ትንሹን ቁጥር ነው። አቅጣጫው ተገልብጦ ከተገጠመ መደበኛው ኮረንቲ በሁለቱም ኮይሎች እየተደመረ ቀለበቱን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ቾኩ ኖይዝ አያስቀርም፣ ከመሞቅ በቀር የሚሠራው የለም። በትንሹ ቁጥር ላይ ቀርቶ የታየው ጥቂት ኢንዳክታንስ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ከካፓሲተሩ ጋር ሆኖ የዲፈረንሻል ኖይዙን በመጠኑ ያጣራል። የሽቦውን ውፍረትም ይመልከቱ፤ ዲያሜትሩ 0.5 ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ 1 አምፔር ገደማ በሰላም ያሳልፋል። ራስዎ የሚጠመጥሙ ከሆነ ለ220 ቮልት ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ገምደው አይጠምጥሙ፤ በመካከላቸው የሚቀረው ቫርኒሹ ብቻ ስለሚሆን አንድ ጭረት ፌዝና ኒውትራልን ያገናኛል።

ቾክ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው፤ ያገደውን ኖይዝ ወደ መነሻው የሚመልስ አቋራጭ ሊሰጠው ይገባል። ለዚህም በፌዝና በኒውትራል መካከል የሚገባው፣ ኤክስ2 የሚል ምልክት ያለውና ብዙ ጊዜ 0.1 ማይክሮፋራድ የሚሆነው ካፓሲተር ዲፈረንሻሉን ሲይዝ፣ ከእያንዳንዱ ሽቦ ወደ መሬት የሚገቡት ዋይ2 የተባሉት፣ ለምሳሌ 2.2 ናኖፋራድ የሆኑት፣ የኮመን ሞዱን ኖይዝ ይመልሱታል። በ10 ሚሊሄንሪ ቾክና በእነዚህ በሁለቱ ዋይ ካፓሲተሮች የሚሠራው ማጣሪያ ከ24 ኪሎኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን መቁረጥ ስለሚጀምር በ65 ኪሎኸርዝ ለሚሠራ ፓወር ሰፕላይ በቂ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ምልክት የሌለው ተራ ካፓሲተር ፈጽሞ አያስገቡ። ዋይ የተባለው ሲበላሽ ሾርት እንዳይሆን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ተራው ሾርት ከሆነ የመሣሪያው ብረት በቀጥታ 220 ቮልት ይሆናል። በሁለት እግር ብቻ የሚሰካና የመሬት ሽቦ የሌለው ቻርጀር ከሆነም ዋይ ካፓሲተር ወደ ብረት ሳጥን አይጨምሩበት፤ ቾኩንና ኤክስ ካፓሲተሩን መልሰው መትከል ይበቃዎታል።

ለአምፖሉ ግን ይህን ሁሉ አይድከሙ። ታሽጎ የተለጠፈ ርካሽ አምፖል ከፍቶ ቾክ ከማስገባት የተሻለ አምፖል መግዛት ለደንበኛውም ለእርስዎም ይቀላል። ድካሙ የሚገባው ለቴሌቪዥን፣ ለዲኮደር፣ ለሶላር ኢንቨርተርና ለመሳሰሉት ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ኃይል ሰፈር የምንኖር ቤተሰብ ነን። ሶኬት ላይ የተሰካውን ኮምፒውተር ሳጥኑን በእጄ ጀርባ ስነካው ይነዝረኛል፤ ቴስተር ካቻቢቴም ሲነካ ይበራል። ልጄ ውስጡ ያለው የኖይዝ ማጣሪያ ኮይል ነው የሚያስነዝረው፣ ይነቀል ይለኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እናታችን፣ ልጅዎ ወደ ትክክለኛው ቦታ ጠቁሟል፤ የወነጀለው ክፍል ግን ተሳስቷል። ኮይሉ ከሳጥኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ተጠያቂዎቹ ከጎኑ ያሉት ሁለት ዋይ ካፓሲተሮች ናቸው። አንዱ ከፌዝ፣ ሌላው ከኒውትራል ወደ ብረት ሳጥኑ ስለሚገናኙ፣ ሳጥኑ የመሬት ሽቦ ከሌለው በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ ወደ 110 ቮልት አካባቢ ይቀመጣል። በእጅዎ ሊያልፍ የሚችለው ኮረንቲ ግን ካፓሲተሮቹ 2.2 ናኖፋራድ ከሆኑ 0.15 ሚሊአምፔር፣ 4.7 ናኖፋራድ ከሆኑም 0.32 ሚሊአምፔር ያህል ነው። ይህ የሚያሳክክ እንጂ የሚጎዳ መጠን አይደለም።

ይሁንና ጉዳዩን በዚሁ አይተዉት። የሚነዝርዎት ስሜት እጅን የሚያስፈነጥር ከሆነ ምክንያቱ ካፓሲተሩ ሳይሆን የተላጠ ሽቦ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩን ነቅለው ለባለሙያ ያሳዩ። ቀላል ማሳከክ ከሆነም የሚጎድለው ነገር ግልጽ ነው፤ የሶኬትዎ ሦስተኛ እግር ወደ መሬት አልተያያዘም። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመሬት ዘንግ ቀብሮ፣ ሽቦውን እስከ ሶኬቱ አምጥቶ፣ የዘንጉን ተቃውሞ ለክቶ ይስጥዎት። አዳማ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለችና በበጋ አፈሯ የሚደርቅ ከተማ በመሆኗ በክረምት በቂ የነበረ ዘንግ በበጋ ላይበቃ ይችላል፤ ስለዚህ ልኬቱ በደረቁ ወራት ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ነገር አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። የመሬት መስመር ሲጠፋ በሶኬቱ ውስጥ ሦስተኛውን እግር ከኒውትራል ጋር በአጭር ሽቦ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ማሳከኩ በርግጥ ይጠፋል፤ ነገር ግን ኒውትራሉ አንድ ቀን ከላይ ቢበጠስ ወይም ፌዝና ኒውትራል ቢገለባበጡ የኮምፒውተሩ ሳጥን፣ ማቀዝቀዣውና ልብስ ማጠቢያው በአንድ ጊዜ 220 ቮልት ይሸከማሉ። ይህን ያደረገ ሰው በቤትዎ ካለ ዛሬውኑ ያስፈቱት።

ጥያቄ፦ ለሠርግና ለስብሰባ የድምፅ መሣሪያ አከራያለሁ። ላፕቶፕ ከሚክሰሩ ጋር ሳገናኝ ስፒከሩ «እምምም» የሚል ወፍራም ድምፅ ያወጣል። ገመዱ ላይ የሚገጠመውን ጥቁር ቀለበት ገዝቼ አሰርኩበት፤ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ለውጥ ሊኖርም አይችልም። የሚሰሙት ድምፅ 50 ወይም 100 ኸርዝ ነው፤ በገመድ ላይ የሚገጠም ፌራይት በዚያ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ተቃውሞው ከአንድ መቶኛ ኦም እንኳን ያነሰ ነው። ያጋጠመዎት የመሬት ሉፕ ነው፦ ላፕቶፑና ሚክሰሩ በተለያየ ሶኬት ላይ ሲሰኩ በሁለቱ የመሬት ሽቦዎች መካከል ያለው ትንሽ የቮልቴጅ ልዩነት በድምፅ ገመዱ ሽፋን በኩል ይፈስሳል። ሁሉንም መሣሪያ ከአንድ ማከፋፈያ ይሰኩ፤ ካልጠፋ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል የድምፅ መለያ ትራንስፎርመር ያስገቡ። የላፕቶፑን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ሲያሠሩት ድምፁ ወዲያው ከጠፋ ምርመራው በዚሁ ተጠናቀቀ። የመሬት እግሩን በፒንሳ የመቁረጡን መላ ማንም ቢመክርዎት አይቀበሉ። የገዙት ቀለበትም አይባክንም፤ በስብሰባ መሀል ሞባይል ሲደወል ስፒከሩ «ትር ትር ትር» የሚለው ከሆነ የሚያስቀርልዎት እርሱ ነው፤ ያ የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ስለሆነ ፌራይቱ በደንብ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የአፈርን እርጥበት እየለካ የ12 ቮልት የውኃ ፓምፕ የሚያስነሳ ቦርድ ነው። ፓምፑ ሲነሳ ማይክሮኮንትሮለሩ (ቦርዱን የሚመራው ቺፕ) ራሱን እንደገና ያስጀምራል፤ 15 ሜትር ገመድ ላይ ያለው ሴንሰርም የተሳሳተ ንባብ ይሰጣል። በቦርዱ መግቢያ ላይ ኮመን ሞድ ቾክ አስገባሁ፤ ችግሩ አልተነካም። ቾኩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ቾኩ ደህና ነው፤ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ መድኃኒት ለማዳን መሞከርዎ ነው እንጂ። ማይክሮኮንትሮለሩን የሚያስጀምረው ዲፈረንሻል ነው። ፓምፑ ሲነሳ መደበኛውን ኮረንቲ በብዙ እጥፍ ስለሚስብ ፓምፑና ቦርዱ በጋራ በሚጠቀሙበት ሽቦ ላይ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ይህ መውረድ በፕላስና በማይነስ መካከል የሚታይ በመሆኑ ኮመን ሞድ ቾኩ ሊያየው አይችልም። ለፓምፑ ከባትሪው የተለየ ሽቦ ይዘርጉለት፤ በቦርዱ መግቢያ ላይ አንድ ዳዮድና ከእርሱ ቀጥሎ 1,000 ማይክሮፋራድ ያስገቡ፤ ዳዮዱ ፓምፑ የቦርዱን ክምችት መልሶ እንዳይመጥጥ ያግዳል። ፓምፑን በሪሌ (በኮረንቲ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያስነሱ ከሆነ በሪሌው ኮይልና በፓምፑ ላይም ሲጠፉ የሚተፉትን ቮልቴጅ የሚውጥ ዳዮድ በተቃራኒ አቅጣጫ ያያይዙ። ፓምፑ ባለ ካርቦን ብሩሽ ከሆነ ከሁለቱ እግሮቹ ወደ ብረት አካሉ 100 ናኖፋራድ ሁለት፣ በእግሮቹ መካከልም አንድ፣ ፓምፑ ላይ በቀጥታ ይበይዱ። ሽቦው ጫፍ ላይ መበየድ ጥቅሙን ያጠፋዋል።

የሴንሰሩ ነገር ግን ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ቾኩ ቦታውን ያገኛል። 15 ሜትር ገመድ ከፓምፑ ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ብሩሹ የሚረጨው ፈጣን ኖይዝ በገመዱ ውስጥ ባሉት ሽቦዎች ሁሉ ላይ እኩል ይጫናል። የሴንሰሩን ገመድ በሙሉ፣ ፕላሱን፣ ማይነሱንና ሲግናሉን ሳይለያዩ፣ በአንድ የኒኬል ዚንክ ፌራይት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያሳልፉት። ተቃውሞው በዙር ብዛት ስኩዌር ስለሚያድግ ሦስት ዙር ከአንድ ዙር ዘጠኝ እጥፍ ይሰጥዎታል፤ ከዚያ በላይ ዙር ሲያበዙ ግን በዙሮቹ መካከል ያለው ካፓሲታንስ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ እያሾለከ ማሳለፍ ይጀምራል። ፌራይቱን የሚያኖሩት ገመዱ ወደ ቦርዱ በሚገባበት ጥግ ላይ ነው፤ ሜዳው መሀል ቢያስሩት ከፌራይቱ እስከ ቦርዱ ያለው ገመድ እንደገና ኖይዝ ይለቅማል።

ቤተ ሙከራችሁ ኦሲሎስኮፕ (የቮልቴጅን ሞገድ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ስለማያጣ ከግምት የሚያላቅቅ ቀላል መለኪያ ሊሠሩ ይችላሉ። ተከፍቶ በሚገጠም ፌራይት ላይ አምስት ያህል ዙር ቀጭን ሽቦ ጠምጥመው ጫፎቹን በ50 ኦም ሬዚስተር ዘግተው ወደ ኦሲሎስኮፑ ያስገቡ። ፌራይቱን በፕላሱና በማይነሱ ላይ አንድ ላይ ሲዘጉት የሚታየው ሞገድ ኮመን ሞዱ ብቻ ነው፤ የሄደው ከተመለሰው ጋር ስለሚጣፋ። በአንዱ ሽቦ ላይ ብቻ ሲዘጉት ደግሞ ሁለቱም ድምር ይታያል። ሁለቱን ሥዕሎች አስተያይተው ቾክ መግዛት ወይም ካፓሲተር መጨመር የቱ እንደሚገባዎ ፈታኞችዎ ፊት ማስረዳት ይችላሉ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍም ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ይልቅ እነዚህ ሁለት ሥዕሎች ይናገራሉ።

ጥያቄ፦ ወፍጮ ቤት አለኝ። ባለ ሦስት ፌዙን ዲናሞ ቀስ ብሎ እንዲነሳልኝ ኢንቨርተር አስገጠምኩ። ከዚያ ወዲህ ዲጂታል ሚዛኑ ቁጥሩን ያዘላል፤ የኮረንቲ ፍሳሽ የሚያየው መቁረጫም አልፎ አልፎ ያለ ምክንያት ይወርዳል። ዕቃ ቤት ሄጄ ስጠይቅ ሦስት ቢጫ ቀለበት ሰጡኝና በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ አንድ አንድ አድርግ አሉኝ። ልግጠማቸው?

መልስ፦ አይግጠሟቸው። በእያንዳንዱ ፌዝ ላይ ለብቻው የገባ ቀለበት ፌራይት ቢሆን የዲናሞውን ሙሉ ኮረንቲ ስለሚሸከም ወዲያው ይሞላል፤ ቢጫው ደግሞ ከላይ ለጠጋኙ እንደገለጽነው የብረት ዱቄት ስለሆነ በቂ ኢንዳክታንስ አይሰጥም። የሚያስፈልግዎት ኢንቨርተሩን ከዲናሞው የሚያገናኙት ሦስቱ ፌዞች በአንድነት የሚያልፉበት አንድ ትልቅ ቀለበት ነው። የመሬት ሽቦው ግን ከቀለበቱ ውጭ ይሂድ፤ ኖይዙ ወደ ኢንቨርተሩ የሚመለሰው በእርሱ ስለሆነ አብሮ ከገባ መሄጃና መመለሻው ተጣፍቶ ቀለበቱ የሚያግደው ነገር አይኖርም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመብራት ኃይል የሚመጣው ባለ ሦስት ፌዝ በማንኛውም ቅጽበት ሲደመር ዜሮ ነው። ኢንቨርተሩ ግን 380 ቮልቱን ወደ 540 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ኮረንቲ ቀይሮ መልሶ እየቆራረጠ ስለሚያወጣው ሦስቱ ሲደመሩ ዜሮ አይሆኑም፤ አማካያቸው በሴኮንድ ሺዎች ጊዜ በ180 ቮልት እየዘለለ ይወርዳል፣ ይወጣል። እያንዳንዱ ዝላይ ከዲናሞው ኮይል ወደ አካሉ፣ ከአካሉም ወደ መሬት ኮረንቲ ይገፋል። መቁረጫውን የሚያወርደው ይህ ፍሳሽ ነው፤ ሚዛኑን የሚያዘልለውም ይኸው ነው። ከፊሉ በዲናሞው ኩሽኔታ በኩል ስለሚያልፍም ከጊዜ በኋላ የኩሽኔታው መንገድ ላይ ቀጫጭን ተሻጋሪ መስመሮች ይፈጠራሉ፤ ኩሽኔታው ከወትሮው ቀድሞ መጮኽ ከጀመረ ሲፈታ እነዚህን መስመሮች ይፈልጉ።

ከቀለበቱ በፊት ወጪ የማያስወጡ ሁለት ነገሮችን ያድርጉ። በኢንቨርተሩ ማስተካከያ ውስጥ የመቆራረጫ ፍሪኩዌንሲው 8 ኪሎኸርዝ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ 4 ይቀንሱት፤ ዲናሞው ትንሽ ያፏጫል፣ ፍሳሹ ግን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ኢንቨርተሩንም ወደ ዲናሞው አስጠግተው ገመዱን ያሳጥሩት፤ ገመዱ ባጠረ ቁጥር ፍሳሹ ያንሳል። ከዚህ በኋላ ገመዱን የብረት መረብ ሽፋን ባለው ይለውጡና ሽፋኑን በሁለቱም ጫፍ፣ በኢንቨርተሩም በዲናሞውም በኩል፣ በሰፊ ማሰሪያ ከብረቱ ጋር ያጣብቁት። ሽፋኑን ፈትሎ እንደ ጭራ አርዝሞ በአንድ ብሎን ማሰር የተለመደ ቢሆንም ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ እምብዛም አይጠቅምም።

ቀለበቱ ከገባ በኋላ ወፍጮውን ለግማሽ ሰዓት ያሠሩ፤ ከዚያም ኃይሉን ከዋናው አጥፍተው፣ በኢንቨርተሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች እስኪራገፉ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቀው ቀለበቱን በእጅዎ ይንኩ። ለብ ቢል ደህና ነው፤ እጅ የማያስነካ ከሆነ ግን ቀለበቱ እየሞላ ስለሆነ ሌላ ተመሳሳይ ቀለበት ከጎኑ ይጨምሩበት ወይም ገመዱን ያሳጥሩ። መቁረጫው አሁንም የሚወርድ ከሆነ ለኢንቨርተር የተሠራ ዓይነት እንዲገባልዎ የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ይጠይቁ፤ መቁረጫውን አልፎ በቀጥታ ማገናኘት ግን በዱቄትና በላብ ውስጥ ለሚሠሩት ሠራተኞችዎ አደጋ ነው። የሚዛኑን ገመድ ከዲናሞው ገመድ አርቀው፣ መገናኘት ግድ ከሆነባቸውም በመስቀለኛ እንዲተላለፉ አድርገው ይዘርጉት፤ ሦስቱን ቢጫ ቀለበቶችም ማሸጊያቸውን ሳይከፍቱ ለሻጩ ይመልሱ።